«ገንዘብ ገንዘቡ እንዳያደርጋችሁ» ምን ማለት ነው?

የጅሬን ልጅ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። የምጽፈው ከጅማ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መምህሩ ስለ ፍቅረ ንዋይ፣ ማለት ገንዘብን ስለ መውደድ፣ ሲያስተምሩ፣ «ቡናው ደርሷል፣ ብር እጃችሁ ይገባል። ትሕትናን ገንዘብ አድርጉ፤ ገንዘብ ግን ገንዘቡ እንዳያደርጋችሁ» አሉ። አጠገቤ ያሉ እናት እልል አሉ። እኔ ግራ ገባኝ። ትሕትና እንዴት ገንዘብ ይሆናል? የመጨረሻው «ገንዘቡ»ስ የማን ነው?

የቅኔ ቤት ሰው፦ ወንድሜ፣ «ገንዘብ ማድረግ» የራስ ማድረግ ነው። «ቃል ሥጋን ገንዘቡ አደረገ» ሲባል ብር አልተቆጠረም። የእኔ የምትለው ሁሉ ገንዘብህ ነው፤ ከብቱም፣ መሬቱም፣ ጠባዩም።

እኅተ ገብርኤል፦ ማቴዎስ 6፥24ን እዩት፣ ለእግዚአብሔርና ለገንዘብ መገዛት አትችሉም የሚለውን። ግእዙ «ተቀንዮ» ይላል፣ አማርኛው «መገዛት»። «ገዛ» ደግሞ ሸመተም ነው፣ ነገሠም ነው። ዕቃውን ትገዛዋለህ፣ ተመልሶ ይገዛሃል። እኔ እንደውም «ገንዘብ» ራሱ ከ«ገዛ» የወጣ ይመስለኛል።

የቅኔ ቤት ሰው፦ «ነ»ንና «በ»ን ከየት አመጣሻቸው? ከመርካቶ?

እኅተ ገብርኤል፦ 😂 መሪጌታ ይቅር ይበሉኝ። ግን «ንዋይ» ክፉ ቃል አይደለም፣ አይደል? የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃ ንዋየ ቅድሳት እንላለን። ጳውሎስም «ንዋይ ኅሩይ» ነው፣ ምርጥ ዕቃ። 1ኛ ጢሞቴዎስ 6፥10 ላይም የክፋት ሥር የተባለው ገንዘቡ ሳይሆን መውደዱ ነው።

ሸበሌ፦ ጅማ ካላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። በኦሮምኛ ገንዘብ «ማለቃ» ነው። ከ«ማለቅ» የመጣ ነው፣ ስለሚያልቅ! እሸት ቡና ሸጦ ጥር ላይ ኪሱን ያየ ይመስክር።

የቅኔ ቤት ሰው፦ ስብከት ላይ ያምራል፣ ግን አይሆንም። የሚቀርበው «መሐለቅ» ነው፣ ሳንቲም ማለት። እሱም በሐመሩ ሐ ይጻፋል። አለቀ የሚለው የግእዙ «ኀልቀ» ግን በብዙኃኑ ኀ ነው። የመሐለቅ ዘመዱ «ሕልቀት» ነው፣ ቀለበት። ክብ ነገር።

ሸበሌ፦ በሐና በኀ ስንት ሰው ተጣላ! ዛሬ ሁለቱንም አንድ አድርገን አይደል የምናነበው?

የቅኔ ቤት ሰው፦ አንተ አንድ አድርገህ አንብብ። እኔን ያስተማሩኝ በኩርኩም ነው የለዩልኝ።

ቦሳ ቀበሌ፦ እኔ ፊደሉን አልችልም። ሰፈራችን ያሉ አንድ ሽማግሌ ግን ቡና ሲሸጡ ብሩ ቤት ሳይገባ አሥራቱን ይለያሉ። «ቤት ከገባ ምክንያት ይወልዳል» ይላሉ። ሉቃስ 12 ላይ ጎተራዬን አፍርሼ ሌላ የሚበልጥ እሠራለሁ ያለው ሰውዬ እኮ አልሰረቀም፣ አላታለለም። እህሉ የራሱ ነው። ችግሩ ለነፍሱ «ብዪ፣ ጠጪ» ማለቱ ነው፣ ነፍስ ስንዴ የምትበላ ይመስል። ጅማ ላይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይህን ሰውዬ በየመንገዱ ታገኙታላችሁ። አዲስ ባጃጅ እየነዳ።

ሸበሌ፦ እኔን ነው?

የጅሬን ልጅ፦ ወገኖች፣ «ገንዘቡ»…

እኅተ ገብርኤል፦ ቆይ የኔ ወንድም፣ ይህን ሳልጠይቅ አልተኛም። የአልዓዛር ጎረቤት ባለጠጋው «ነዌ» የተባለው ከ«ንዋይ» ነው?

የቅኔ ቤት ሰው፦ ሉቃስ ስም አልሰጠውም። ከሁለቱ በስም የተጠራው ድኻው ብቻ ነው። «ነዌ» ከትውፊት ነው።

እኅተ ገብርኤል፦ ትውፊቱ ታዲያ ከየት አመጣው? ደግሞ «ባለጠጋ» በጠ ነው ወይስ «ባለጸጋ» በጸ?

የቅኔ ቤት ሰው፦ ለእሱ ሌላ ርዕስ ክፈቺ። ነገ ማኅሌት አለብኝ።