የዕቅድ ውይይት፦ የጣሪያውን ውሃ ተማሪዎቹ ይንደፉት

አስተባባሪ፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ለቀድሞ ትምህርት ቤታችን የምናቀርበው የጋራ ፕሮፖዛል የጣሪያ ዝናብ ውሃን በማጠራቀም ላይ እንዲሆን ተስማምተናል። ሰፈሩ ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ነው፤ ፈረቃው ሲዛባ መፀዳጃ ቤቱ ይዘጋል። የቀረን አንድ ጥያቄ ነው። ሮቶ ገዝተን፣ አስገጥመን እናስረክብ? ወይስ ተማሪዎቹ ራሳቸው አጥንተው፣ ነድፈው፣ ሞክረው ይሥሩት? እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ራሳቸው የሠሩት ነገር ሲበላሽ የቱ ጋ እንደሚከፈት ያውቃሉ። እስቲ ሐሳብ ስጡበት።

አባል ከሜሪላንድ፦
እደግፋለሁ፤ ግን ስጋት አለኝ። እዚህ ያለነው አባላት ብር የምናዋጣው ውጤቱን ለማየት ነው። የልጆች ሥራ ተብሎ የካርቶን ሞዴል ለወላጆች ቀን ታይቶ መጋዘን እንዳይገባብን። ለምን ሦስት ሮቶ ገዝተን አንጀምርም? ቢያንስ ውሃው ዘንድሮ ይገኛል።

የፊዚክስ መምህር (ጡረታ የወጡ)፦
ስጋትህ ልክ ነው ልጄ። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ነው። 200 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 2,000 ሊትር ይሆናል። የሚረጨውንና መጀመሪያ ላይ አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ የሚወርደውን ደፍተን 1,600 ሊትር ተረፈን እንበል። 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ እንዲህ ባለ ዝናብ በሦስተኛው ሊሞላ ምንም አይቀረው። ደስ ይላል።

አሁን ወደ ወጪው ኑ። 1,000 ተማሪ በቀን አንዴ በ1 ሊትር እጁን ቢታጠብ ሮቶው በ5 ቀን ያልቃል። ሦስቱም ቢሆኑ 15 ቀን ነው።

ሌላም አለ። አዲስ አበባ ላይ ዝናቡ የሚጠናው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ያኔ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። መስከረም ላይ ልጆቹ ሲመለሱ ሮቶው ሞልቶ ይጠብቃቸዋል፤ ከጥቅምት በኋላ ግን በጋው ገብቶ እስከ በልግ ድረስ የሚጨመርለት ትንሽ ነው። ስለዚህ ብርቱው ጥያቄ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ያገኘነውን እንዴት እናብቃቃው? አንዴ የታጠብንበትን ውሃ የት እንውሰደው? ለ9ኛ እና ለ10ኛ ክፍል ተማሪ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላውቅም። መልሱ ከመጽሐፉ ጀርባ የለም።

አርክቴክት አባል፦
ቲቸር፣ በጣም አመሰግናለሁ። እርስዎ ካሉት ልነሳ። እኛ ሙያ ውስጥ እርሳስ ከመያዝ በፊት ሰው መጠየቅ ይቀድማል። ልጆቹም መጀመሪያ የፅዳት ሠራተኞቹን ይጠይቁ። ጄሪካን ተሸክመው የሚመላለሱት እነሱ ናቸው፤ የትኛው ቧንቧ እንደሚያንጠባጥብ፣ ውሃ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ከርዕሰ መምህሩ በላይ ያውቃሉ። ቀጥሎ ይለኩ። ከሃይላንድ በተቆረጠ መለኪያ ዝናቡን፣ በሜትር ጣሪያውን፣ በባልዲ ደግሞ የአንድ እጅ መታጠቢያን ወጪ።

ከዚያ በኋላ ነው ንድፉ የሚመጣው። አንዱ ቡድን አሸንዳውንና የመጀመሪያውን ውሃ የሚደፋውን ቧንቧ ይያዝ። ሌላው በእግር ሲረገጥ የሚያዘነብል የጄሪካን መታጠቢያ ይሞክር፤ በጣም ትንሽ ውሃ ነው የሚጨርሰው። ሦስተኛው የእጅ መታጠቢያውን ፍሳሽ ወደ ችግኞቹ የሚወስድ ቦይ ይንደፍ። በካርቶን፣ በቀርከሃ፣ በወዳደቀ ቱቦ ይሞክሩት። ሲያፈስ ደግመው ይሥሩት። የመጀመሪያው ሙከራ ቢከሽፍ ገንዘባችን ባከነ እንዳንል አደራ። ትምህርቱ እዚያ ውስጥ ነው።

የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ተወካይ፦
እኔ እናት ነኝና ሁለት ነገር ላሳስብ። አንደኛ፣ ማንም ልጅ ጣሪያ ላይ እንዳይወጣ። አሸንዳ መስቀልና ብየዳ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ልጆቹ መሬት ላይ ቆመው ይምሩት፤ ይኼ በፕሮፖዛሉ ይጻፍልን። ሁለተኛ፣ የሴቶቹ መፀዳጃ ቤት ይቅደም። ውሃ ሲጠፋ በወር አበባቸው ቀን የሚቀሩ ልጆች አሉን። ይህን ጉዳይ ወንዶች ብቻ የተቀመጡበት ቡድን አያነሳውም፤ ስለዚህ በየቡድኑ ሴት ልጆች ይኑሩ፣ ሐሳባቸውም ይደመጥ።

በነገራችን ላይ፣ ችግኝ ተከላው አይካተትም ወይ?

አስተባባሪ፦
እህቴ፣ ሁለቱም ይገባሉ። ችግኙን በተመለከተ፣ ከአረንጓዴ አሻራ ጀምሮ ልጆቹ በየክረምቱ እየተከሉ ነው። የሚያስቸግረው በበጋው ማጠጣት ነው። የሦስተኛው ቡድን ቦይ ይህንኑ ይመልሳል፤ ሌላ አርዕስት አንክፈት።

የፕሮፖዛሉን ዋና አንቀጽ እንዲህ አርቅቄዋለሁ፤ አርሙት፦

«ፕሮጀክቱ በአንድ ጣሪያና በአንድ ሮቶ ይጀመራል፤ የመጀመሪያው ተጠቃሚ የሴቶች መፀዳጃ ቤት ነው። ተማሪዎች በጥቅምትና በኅዳር ይለካሉ፤ በታኅሣሥና በጥር ነድፈው ሞዴል ይሠራሉ፤ በየካቲት ባለሙያ በንድፋቸው መሠረት ይገጥማል። የበልግ ዝናብ ሲመጣ ይፈተናል፤ በግንቦት ይጠገናል። የጣሪያው ውሃ ለእጅ መታጠቢያ፣ ለፅዳትና ለችግኝ እንጂ ለመጠጥ አይውልም። ከገምጋሚዎቹ መካከል አንድ የፅዳት ሠራተኛና አንድ ጥበቃ ይኖራሉ።»

አባል ከሜሪላንድ፦
የቲቸርን ሒሳብ ካየሁ በኋላ የሦስቱን ሮቶ ሐሳብ ትቻለሁ። አንድ ነገር ግን ጨምሩልኝ። ብሩን ሁሉ በአንዴ አንላክ። ግማሹ ለሞዴልና ለመጀመሪያው ግጠማ ይሁን። የቀረው የበልጉ ፈተና ከታየ በኋላ ይለቀቅ፤ ከእሱም ላይ ለጥገና የሚቀመጥ ድርሻ ይኑረው። ቧንቧ በተሰበረ ቁጥር ሜሪላንድ ድረስ መደወል የለበትም።

የፊዚክስ መምህር፦
ጥሩ ብለሃል። ጥገናውን ማን ይይዘዋል ለሚለው፣ የሳይንስ ክበቡ ይሁን። ግን 10ኛ ክፍል የጨረሰው ለ9ኛው በጽሑፍና በሥዕል ያስረክብ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ጥበቃዎቹ ወንፊቱን እንዲያፀዱ ትንሽ አበል ይመደብላቸው። ዋናው ውሃ የሚገባው ያኔ ነው፤ ወንፊቱ በቅጠል ከተደፈነ ሁሉም ውጭ ይፈሳል።

አስተባባሪ፦
ሁለቱንም አስገብቻለሁ። የቀረውን ሥራ እንከፋፈል። የአሸንዳና የሮቶ ዋጋ ከሦስት ሱቅ የምታመጣልን አርክቴክቷ ናት። ቲቸር ለልጆቹ የመለኪያ ሰንጠረዥ ያዘጋጁልናል። የወተመህ ተወካያችን ከፅዳት ሠራተኞቹ ጋር ተነጋግራ በግምገማው ለመሳተፍ ፈቃደኛ የሆነችውን ታሳውቀናለች። ለተማሪዎቹም ረቂቁን እንስጣቸው፤ ፊርማ ከማስፈራችን በፊት የሚቀይሩት ካለ ይቀይሩት። እስከ እሁድ ማታ እርማታችሁን እጠብቃለሁ።