ከተጀመረ አስር ዓመት የሆነው ጅምር ፎቅ ላይ ለሱቅ ቅድሚያ ልክፈል? (ደብረ ብርሃን)

ቁርስ ቤት (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ነኝ። በደሴ መንገድ ዳር ትንሽ ቁርስ ቤት አለችኝ። ሻይ፣ ፍርፍርና የገብስ ቅንጨ ነው የምሸጠው። ምክር ፈልጌ ነው፤ ነገሩ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

ከቤቴ ፊት ለፊት አንድ ጅምር ፎቅ አለ። በ2008 ሲጀመር አምስት ፎቅ ይሆናል ተብሎ ነበር። መሠረቱ ሲቆፈር ሠራተኞቹ ቁርሳቸውን የሚበሉት እኔ ጋ ነበር። በቀን እስከ 40 ሰው አበላ ነበር፤ ሁለተኛዋን ትልቅ ድስት የገዛሁትም ያኔ ነው። ሦስተኛው ሶሌታ (የፎቁ የአርማታ ወለል) ላይ ሲደርስ በ2012 ቆመ። በ2014 መስከረም ላይ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ኅዳር ላይ ጦርነቱ ደብረ ሲና ሲደርስ ሠራተኛው ተበተነና በዚያው ቀረ። ታፔላው ግን አሁንም ቆሟል። መስታወት የለበሰ ሕንፃ ተስሎበታል፤ ሰማያዊው ቀለም በፀሐይ ነጥቶ አመድ መስሏል።

ባለፈው ወር ባለቤቱ ቁርስ ቤቴ ድረስ መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሠራተኞቹ የበሉበትን ሒሳብ አንድም ቀን አላስቀሩብኝም። «ምድር ቤቱን ብቻ ጨርሼ ላከራይ ነው። የፊት ለፊቷን ሱቅ ላንቺ ልስጥሽ፤ የሁለት ዓመት ኪራይ አስቀድመሽ ክፈይኝ» አሉኝ። በወር 15 ሺህ፣ በሁለት ዓመት 360 ሺህ ብር መሆኑ ነው። ከዕቁብ የወጣልኝ 300 ሺህ አለ። ቀሪውን ወንድሜ ያበድረኛል።

ልቤ ፈልጎታል፤ አልዋሽም። አሁን ያለሁባት ቤት ቆርቆሮዋ አርጅቷል። ክረምት ላይ ባልዲ ደቅኜ ነው የምሠራው።

ያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። ከገበያው በላይ የእናቴ ጠላ ቤት ነበረች። በጥርብ ድንጋይ የተሠራች ሁለት ክፍል፣ በሯ ዝቅ ያለ፣ ጎንበስ ብለው የሚገቡባት። በ2009 ለልማት ይፈለጋል ተብሎ ከጎረቤቶቻችን ጋር ተነሳን። ካሳ ተከፍሎናል፣ ምትክ ቦታም ወደ ጠባሴ በኩል ተሰጥቶናል፤ አልተሰጠንም አልልም። ቦታው ግን በቆርቆሮ ታጥሮ እስካሁን ባዶ ነው። ውስጡ ሣር በቅሎ ጥበቃው እያጨደ ለላም ይሸጣል። እናቴ በሕይወት እያለች በዚያ ስታልፍ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ታይ ነበር። ምድጃዋ የነበረበትን ጥግ ትፈልጋለች። «ምን ሠሩበት?» ትለኛለች። የምመልስላት አልነበረኝም።

አልቆም ግማሹ ባዶ የቀረ አለ። ከጅምሩ ፎቅ አጠገብ ያለው ሕንፃ በሁለት ዓመት ተኩል ተጠናቆ ተመርቋል። ምድር ቤቱ ባንክ፣ ፋርማሲና የሞባይል ሱቅ ገብቶበት ሰው አይጠፋበትም። ከሁለተኛ ፎቅ በላይ ግን መስኮቱ ላይ «የሚከራይ» የሚል ወረቀት ከተለጠፈ ሦስት ዓመት ሞላው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸው ነው። የቆመ ሕንፃ ሊያልቅ መሆኑን ወይም ውሎ አድሮ እንደማያልቅ በምን ይታወቃል? ብሩን ልስጥ ወይስ ልተው?

ፎርማን

እህቴ፣ እኔ ኮንክሪት ላይ 19 ዓመት ሠርቻለሁ። አብዛኛውን እዚሁ ሸዋ ነው። ሕንፃውን ሳላይ እንዲህ ነው ብዬ መፍረድ አልችልም፤ አንቺ ግን ሄደሽ ልታዪ የምትችይውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ላይኛው ሶሌታ ላይ ውጪ። ለቀጣዩ ፎቅ ተብሎ ከየኮለኑ (ከየምሰሶው) ወደ ላይ የተተወውን ፌሮ (የአርማታ ብረት) እይ። ቀላ ያለ ዝገት ብቻ ከሆነ በብረት ብሩሽ ይጸዳል፤ ያን ያህል አያሰጋም። በእጅሽ ስትነኪው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላቀቀ የሚወድቅ ከሆነ፣ ወይም ብረቱ ጎድጉዶ ከቀጠነ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ስድስት ክረምት ተራቁቶ የከረመ ፌሮ ላይ ዝም ብሎ አርማታ የሚያፈስ ባለሙያ እኔ አላምነውም።

ሁለተኛ፣ ከሶሌታው በታች ሆነሽ ጣሪያውን ቀና ብለሽ እይ። ነጭ የጨው ምልክት ካየሽ ውሃ እየሰረገ ነው። ቡናማ መስመር ከቢሙ (ሶሌታውን ከሚሸከመው አግዳሚ) ርዝመት ጋር ከሄደ ውስጥ ያለው ብረት ዝጎ ኮንክሪቱን እየገፋው ነው። ይህን አይተሽ እንዳታልፊ።

ሦስተኛ፣ የትኛው ፎቅ በየትኛው ወር እንደተሞላ ጠይቂ። እዚህ አገር ብዙ ሰው ይህን አይጠይቅም። የደብረ ብርሃን ውርጭ ቀልድ አይደለም። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ዜሮ አካባቢ ይወርዳል። አርማታ ደግሞ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን የሚጠነክረው በጣም ቀስ ብሎ ነው፤ ገና እርጥብ ሆኖ ውርጭ ካገኘው ደግሞ ላይኛው ገጹ ይፈረፈራል። እኛ ታኅሣሥ ላይ ስንሞላ ማታ ማታ በጆንያና በፕላስቲክ እናለብሰው ነበር። ቢያንስ ሰባት ቀን እርጥበቱን መጠበቅ አለበት። ሙሉ ጥንካሬው የሚለካውም በ28 ቀን ነው። ካሳፎርማውን (አርማታው የሚፈስበትን ጣውላ) ቶሎ ለሌላ ሥራ እንፈልገዋለን ብለው በሳምንት የነቀሉ አውቃለሁ።

ባለቤቱ መቀጠል ከፈለጉ መሐንዲስ አምጥተው ኮለኖቹን ማስለካት አለባቸው። ከኮንክሪቱ ላይ ናሙና ተቆርጦ ይፈተናል። ያ ወረቀት ካላቸው ይዘውት ይምጡ። ከሌላቸው ገና አልጀመሩም ማለት ነው።

የሊዝ ጉዳይ

የምሠራው በመሬት ነክ ሥራ ላይ ነው፤ ከተማዬ ግን ሌላ ነው። በሕጉ በኩል ያለውን ልጨምር።

ቦታው በ2008 በሊዝ የተያዘ ከሆነ ያኔ የሚሠራው ሕግ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ነው። ለትልቅ ግንባታ እስከ 48 ወር፣ ለመካከለኛ እስከ 36 ወር የማጠናቀቂያ ጊዜ ያስቀምጣል፤ በበቂ ምክንያትም ሊራዘም ይችላል። አስር ዓመት ከሁሉም በላይ ነው። ስለዚህ ባለቤቱን በትህትና «የማራዘሚያ ደብዳቤዎን ላየው?» ብለሽ ጠይቂ። ከሌላቸው ውሉ ሊቋረጥ በሚችል ቦታ ላይ ነው ብርሽን የምታስቀምጪው።

ከሁሉም በላይ ግን ካርታው ላይ መያዣ ወይም እግድ መኖሩን አጣሪ። ብዙ ጅምር ፎቅ በባንክ ብድር የተጀመረ ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ብድሩ ካልተከፈለ ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ መያዣውን በጨረታ መሸጥ ይችላል። ያኔ አዲሱ ገዢ አንቺን አያውቅሽም። ያለሽ ነገር ከቀድሞው ባለቤት ላይ «ገንዘቤን መልስ» ማለት ብቻ ይሆናል።

ሌላው የመጠቀሚያ ፈቃድ ነው። ሕንፃው ሲጀመር በነበረው የሕንፃ አዋጅ 624/2001 ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሕንፃ ምድብ «ሐ» ውስጥ ይገባ ነበር፤ ይህን ፈቃድ የሚጠየቀው ምድብ ማለት ነው። ምድር ቤቱን ብቻ ቀለም ቀብቶ ማከራየት አይበቃም። ከላይ የተንጠለጠለ ጣውላና ብረት ባለበት ሥር ሻይ የሚጠጣ ሰው ነው የምታስቀምጪው፤ እሱን አስቢ።

አንድ ነገር ላስታውስሽ። በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ የመኖሪያ ቤትን ነው የሚመለከተው። ለሱቅ የሚጠብቅሽ የምትፈራረሙት ውል ነው። ስለዚህ ውሉ ውልና ማስረጃ ይሁን፤ ክፍያው ደግሞ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በር ሲገጠም ይህን ያህል፣ መብራትና ውሃ ሲገባ ይህን ያህል፣ ፈቃዱ ሲወጣ ቀሪው እየተባለ ይከፈል።

የእናትሽን ቦታ በሚመለከት፣ የተያዘ ቦታ በጊዜው ካልለማ የሚጠየቅ አካል አለ። የተነሳችሁት ሰዎች በአንድነት በጽሑፍ «ቦታው ለማን ተሰጠ፣ መቼ ይጀመራል?» ብላችሁ የመጠየቅ መብት አላችሁ። በቃል አትጠይቁ። ማመልከቻው ገቢ ተደርጎ ቁጥር ይሰጠው፤ ቅጂው እናንተ ጋ ይቅር።

ልብስ ሰፊ

እትዬ፣ ያቺ «የሚከራይ» የምትለው ወረቀት ያለችበት ሕንፃ ላይ እኔ ሦስተኛ ፎቅ ተከራይቼ ነበር። ስምንት ወር ብቻ ነው የቆየሁት። ሊፍት ይገባል ተብሎ ነበር፤ የሊፍቱ ጉድጓድ አሁንም በጣውላ ተሸፍኖ ነው ያለው። ውሃው ከሁለተኛ ፎቅ በላይ አይወጣም ነበር። ደንበኛዬ ብዙ ጊዜ የሠርግ ልብስ የምታሰፋ እናት ናት። በጉልበት ሕመም ሦስት ፎቅ ደረጃ ወጥታ ትመጣለች ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ሰሜን በኩል ያለው ክፍል ደግሞ ፀሐይ አያገኝም፤ ጣቴ ደንዝዞ መርፌ መያዝ እስኪያቅተኝ ይበርድ ነበር። አሁን ምድር ቤት፣ ከአንቺ ቤት ያነሰች ክፍል ውስጥ ነኝ። ሥራዬ ተመልሷል።

ለማለት የፈለግሁት፣ የምትገቢበት ምድር ቤት ከሆነ ቦታው ራሱ ጥሩ ነው። ሕንፃው ባያልቅ እንኳን አስፋልት ዳር ነው። ግን ውሃና መብራት በስምሽ ቆጣሪ እንዲገባልሽ ጠይቂ።

የድሮ መምህር

ልጄ፣ የጻፍሽውን ስለ እናትሽ ሳነብ ቤቷ ትዝ አለችኝ ብልሽ አልዋሽም። ያን ዓይነት ቤት በዚያ ሰፈር ብዙ ነበር።

ፎቆቹ የሚቆሙት በባለቤቱ ስንፍና ብቻ አይደለም። በ2015 ነሐሴ ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን የብድር ዕድገት 14 በመቶ ላይ ሲገድብ፣ የሚቀጥለውን ፎቅ በብድር ለመሥራት ያሰበ ሁሉ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። በ2016 ሐምሌ ደግሞ የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል ሊፍት፣ መስታወት፣ የአሉሚኒየም ፍሬም፣ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ከውጭ የሚመጣው ሁሉ ሰማይ ወጣ። ሲሚንቶ ነበር ቀድሞ የሚያስለቅሰን፤ እዚሁ ዞናችን ለሚ ላይ ያለው ትልቅ ፋብሪካ በ2017 መስከረም ከተመረቀ ወዲህ ሲሚንቶ አጣሁ የሚለው ሰው ቀንሷል። አሁን የሚጎድለው ማጠናቀቂያው ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ምድር ቤቱን ለመጨረስ ያንቺን ብር ከፈለጉ፣ መስኮቱንና በሩን በምን እንደሚገዙት ጠይቂያቸው።

ከተማችን ጀምሮ መተውን አዲስ አላየችም። ዘርዓ ያዕቆብ እዚህ ብርሃን አየሁ ብሎ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ሠርቶ እስኪሞት ኖረባት። እሱ ሲሞት ሰዉም ተበተነ። እንደገና የሞላችው ከስንት ዘመን በኋላ ነው። ሪጂዮፖሊታን (የክልሉ ትልቅ ከተማ) ከተባለች ወዲህ ቁፋሮው በዝቷል፤ መልካም ነው። መሃል ከተማው ላይ ግን ታጥሮ የተቀመጠው ቦታ ሲከፈት ማየት እፈልጋለሁ። ማመልከቻውን ስትጽፉ ጥሩኝ። ጽሑፉን አቃናላችኋለሁ።

ቁርስ ቤት (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያላችሁኝን ተራ በተራ አደረግሁ።

ትናንት ከእህቴ ልጅ ጋር ላይኛው ሶሌታ ድረስ ወጣሁ። ደረጃው መደገፊያ የለውም፤ ግድግዳውን ይዤ ነው የወጣሁት። ፎርማን እንዳልከው ፌሮውን ነካሁት። በአስፋልቱ በኩል ያሉት ቀላ ብለው ደህና ናቸው። በስተጀርባ፣ ውሃ በሚያቁርበት ጥግ ያሉት ሦስት ኮለኖች ላይ ግን እጄ ላይ ተፈረፈረ። መዳፌ ቀይ ሆነ። ልጁ ፎቶ አነሳው። ከሥር ደግሞ ያልከው ቡናማ መስመር አንድ ቢም ላይ አለ፤ ክንዴን ያህል ይረዝማል።

ከዚያ ባለቤቱን ቁጭ ብዬ አነጋገርኳቸው። ካርታውን ሳይከለክሉ አሳዩኝ። የባንክ መያዣ አለበት። የመጨረሻው ማራዘሚያ ጊዜው አልፏል። «ብድሩ ሲዘጋብኝ ነው የቆምኩት፤ አንቺን ማታለል ፈልጌ አይደለም» አሉኝ። አመንኳቸው። ሻዩን ሳይጠጡት ቀዘቀዘ፤ ቀይሬ ሰጠኋቸው። በር ተገጥሞ፣ ቆጣሪ ገብቶ፣ ፈቃዱ ሲወጣ በየወሩ ልክፈል አልኳቸው። «ያ ከሆነማ በምን እጨርሰዋለሁ?» አሉ። የኋላውን ኮለን ግን መሐንዲስ ጠርተው እንዲያስለኩ ለመንኳቸው፤ ፎቶውንም ሰጠኋቸው። እሺ ብለዋል።

ብሩን አልሰጠሁም። ከ300 ሺው ላይ ለቆርቆሮና ለአጣና የሚሆነውን አውጥቼ የቁርስ ቤቴን ጣሪያ ክረምት ሳይገባ ላስቀይር ነው። ፎርማን፣ ስንት ቆርቆሮ እንደሚፈጅ የምትነግረኝ ከሆነ ቤቷ አራት በአምስት ሜትር ናት።

ጋሼ መምህር፣ ማመልከቻው ተጀምሯል። ከእናቴ ጋር ከተነሱት ጎረቤቶች ያገኘሁትን ሁሉ ጠይቄ እስካሁን 14 ሰው ፈርሟል። ሁለቱ ሸዋ ሮቢት ስለገቡ ቅዳሜ በመኪና ሄጄ አስፈርማለሁ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቁርስ ቤት ይምጡልኝ፤ አብረን አንብበነው እናስገባለን።