ልጄ «ጉማሬ ጓደኛ አለችኝ» ትላለች፣ ውሸት ነው ወይስ ጨዋታ?

የሽምብጥ እናት፦
ሰላም እናንተ። የምንኖረው ባሕር ዳር ሽምብጥ ነው። ልጄ በቅርቡ አራት ዓመት ሞላት። ክረምት ላይ አባቷ ጣና ዳር ወስዷት ከሩቅ ጉማሬ አየች። አየች ስል ጆሮና አፍንጫ ብቻ ነው፣ ሌላው ውኃ ውስጥ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉሜ የምትባል ጉማሬ ቤታችን ገባች። ሶፋው ላይ የራሷ ቦታ አላት። እራት ስንቀርብ «ይሄ የጉሜ ነው» እያለች ከትሪው ጥግ እንጀራ ትቆርስላታለች። ባጃጅ ስንሳፈር ደግሞ «ቆይ፣ ጉሜ አልገባችም» ብላ ሾፌሩን ታስጠብቀዋለች። መጀመሪያ ላይ እስቅ ነበር።

አሁን ግን ነገሩ መልኩን ቀየረብኝ። የቡና ስኒ ሰብራ «ጉሜ ናት» አለች። ግድግዳውን በከለር ሞነጫጭራ አሁንም «ጉሜ ናት»። ኬጂ ውስጥ «ቤታችን ጉማሬ አለች» ስትል አስተማሪዋ ልጆቹ ፊት «ውሸታም» ብላት እያለቀሰች መጣች። አማቴ ደግሞ «ከአሁኑ በርበሬ ካላጠንሻት ነገ ሌባ ነው የምትሆነው» እያሉ ቁም ስቅሌን እያሳዩኝ ነው። ልጅቷ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትጫወት ትውላለች። ዝም ብል ያልፋል ወይስ ሐኪም ላሳያት? እንቅልፍ አጣሁ።

የሦስት ልጆች አባት፦
በርበሬውን ተዪው። እኔ ታጥኜ ነው ያደግኩት፣ የተማርኩት ሳይነቃብኝ መዋሸትን ነው። የኔ ትልቁ ልጅ በዚህ ዕድሜው መኪና ነበር። መኪና ይወድ ነበር እያልኩ አይደለም፣ ራሱ መኪና ነበር። ጠዋት ጠዋት ጆሮውን እንደ ቁልፍ አዙሬ ካላስነሳሁት ከአልጋ አይወርድም። አሁን አምስተኛ ክፍል ነው፣ ሳነሳበት ያፍራል።

እሙ ነኝ፦
ይቅርታ ግን ሁሉንም ነገር ጨዋታ ነው ማለትም ጥሩ አይደለም። ከማይታይ ነገር ጋር ማውራት እኛ አገር ሌላ ስም አለው። ጸበል ውሰጃት፣ አይጎዳትም።

ኬጂ የማስተምር፦
እህቴ፣ ሁለት ነገር ተደባልቆብሻል። ጉሜ አንድ ነገር ናት፣ ስኒው ሌላ ነገር ነው።

ጉሜ ራሷ አታስጨንቅሽ። ከሦስት ዓመት እስከ ስድስትና ሰባት ባለው ጊዜ የማይታይ ጓደኛ የሚፈጥሩ ልጆች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ የእውነት እንዳልሆነ ያውቁታል፣ አንቺ ሲነጋብሽ ያየሽውን ሕልም እንደምታውቂው። ደህና ሆና፣ ደስ ብሏት ባለችበት ሰዓት «ጉሜ የእውነት ናት የጨዋታ?» ብለሽ ጠይቂያትና መልሷን ስሚ። አንቺ ግን ከሷ በላይ አታጋንኚው፣ ለጉሜ ሌላ ትሪ እንዳታቀርቢ። ጨዋታው የሷ ይሁን።

ወደ ስኒው ስንመጣ፣ አዎ ዋሽታለች። የሁለት ዓመት ልጅ ዓይኑን በእጁ ሸፍኖ ተደብቄያለሁ ይላል አይደል? እሱ ካላየሽ አንቺም የማታዪው ይመስለዋል። አራት ዓመት ገደማ ሲሆነው ግን «እኔ የማውቀውን እማዬ ላታውቀው ትችላለች» የሚለው ነገር ይገባዋል። ያኔ ነው አስቦ መዋሸቱ የሚበረታው። ስለዚህ አእምሮዋ በአግባቡ እያደገ ነው ማለት ነው፣ ሌባ ለመሆን እየተዘጋጀች አይደለም። በዚህ ላይ በርበሬ ከጨመርሽበት የምትደብቀው ይበዛል እንጂ አይቀንስም። ጭሱም ለልጅ ሳንባ አደጋ ነው፣ ይሄን ለአማትሽ በአክብሮት ንገሪያቸው።

እኔ ክፍል ውስጥ የማደርገውን ልንገርሽ። መልሱን እያወቅኩ «ማን ነው የሰበረው?» አልልም፣ እሱ ውሸትን መጋበዝ ነው። «ስኒው ተሰብሯል፣ መጥረጊያ አምጪና አብረን እንጥረግ» ነው የምለው። «ጉሜ ናት» ካለችሽም «እሺ፣ እኔና አንቺ እንጥረግላት» በያት። ጥፋቱ ወደ እጇ ይመለሳል፣ ጩኸትም የለም።

ጸበል ላልሽው እህታችን፣ እምነቱን አልነካም። ግን «ልጅቷ ላይ የሆነ ነገር አለ» የሚል ወሬ ሰፈር ውስጥ ከገባ ስም ሆኖ ይቀርባታል። ሐኪም የሚያስፈልገው የምትናገረውን ንግግር እያጣች ከሄደች፣ ከልጆች መሸሽ ከጀመረች፣ ወይ ጉሜ የምታስፈራትና ክፉ ነገር አድርጊ የምትላት ከሆነ ነው። ከጻፍሽው ውስጥ አንዱም የለም። አስተማሪዋን ግን ልጆች በሌሉበት አናግሪያት። ልጅን ጓደኞቹ ፊት ውሸታም ማለት ልክ አይደለም፣ የሙያ ባልደረባዬ ስለሆነች አላልፈውም።

የታንኳ ልጅ፦
ስለ ልጅ አስተዳደግ ብዙም አላውቅም፣ ያደግኩት ግን ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ነው። ስለ እውነተኛው ጉማሬ እንዴት ማንም ሳያነሳ ቀረ? ጉማሬ ቀን ውኃ ውስጥ ይውላል፣ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ወደ ዳር ይወጣል። በሱና በውኃው መሀል የገባ ሰው አለቀለት። ያን ሁሉ ሥጋ ተሸክሞ ሰው ሮጦ አያመልጠውም፣ እናት ከሆነችና ግልገል ከያዘችማ አይወራም። ልጅቷ «ጓደኛዬ ናት» ብላ ወደ ሐይቁ እንዳትሮጥ፣ ጣና ዳር ስትሄዱ እጇን አትልቀቁ። እንጀራ እንደማይበላም ንገሯት።

የሽምብጥ እናት፦
ኧረ ተባረኩ። ትናንት ወተት ደፋች። «ማን ነው?» ልል ከአፌ መለስኩትና «ወተቱ ተደፍቷል፣ ጨርቅ አምጪ» አልኳት። አመጣች። እየወለወለች፣ ማንም ሳይጠይቃት «ጉሜ አይደለችም፣ ተኝታ ነበር» አለችኝ። አማቴ በሩ ላይ ቆመው ሰምተዋል፣ ምንም አላሉም።

የታንኳ ልጅ፣ ያንተ ነገር አስደንግጦኝ ወዲያው ነገርኳት። «እማዬ፣ ያቺ እኮ የእውነት ናት፣ ትናከሳለች። የኔዋ የጨዋታ ናት» ብላ እንደ ሞኝ አየችኝ። ቢሆንም እጇን አለቅም። አስተማሪዋን ሰኞ አናግራታለሁ።

አሁን ያለብን ችግር ጉሜ ወልዳለች። ስድስት ናቸው አለች። ባጃጅ አይበቃንም።