በሐምሌ ከአባቴና ከሕፃን ልጅ ጋር፦ ክሩገር፣ ኦካቫንጎ ወይስ ኤቶሻ?

የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ)
ሰላም ለሁላችሁ። ሐምሌ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ቤተሰቡን ይዤ ወደ ደቡባዊ አፍሪካ ልወጣ አስቤያለሁ። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ5 ዓመት ሴት ልጃችንና አባቴ ነን። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ምድር ባቡር ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። የሚፈልጉት ዝሆን ማየት ነው። ባቢሌ ሄደው ዱካውን እንጂ ዝሆኑን አላገኙትም።

አንድ አስጎብኚ ድርጅት የላከልኝ ዕቅድ በ10 ሌሊት የደቡብ አፍሪካውን ክሩገር ፓርክ፣ የቦትስዋናውን የኦካቫንጎ ረግረግና የናሚቢያውን ኤቶሻ ፓርክ ያዳርሳል። የካምፖቹ ፎቶ ልብ ይሰርቃል፣ ዋጋው ደግሞ ልብ ያቆማል። እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ካምፕ ትመርጣላችሁ?

ባቡር ሰፈር (ጆሃንስበርግ)
አቦ፣ ያን ዕቅድ ቅደደው! ሦስት አገር በ10 ሌሊት ማለት ኤርፖርት ለኤርፖርት መንከራተት ነው። እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፤ ከአገር ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር ክሩገር የማደርሰው እኔ ስለሆንኩ የማውቀውን ልንገርህ።

ካምፕ በፎቶ አይመረጥም። በምትሄድበት ወር ውሃው የት ነው ብለህ ጠይቅ፤ አውሬውም እዚያው ነው። ሐምሌ እዚህ ደረቅና ብርዳማ ወር ነው። ቅጠሉ ይረግፋል፣ ትንንሹ ኩሬ ይደርቃል፣ ዝሆኑም ጎሹም ወደ ወንዝ ይወርዳል። ወባውም ከዝናቡ ወራት ይልቅ ይቀንሳል፤ ጨርሶ አይጠፋም ግን፣ ለልጅቷ ሐኪም አማክር።

ለእናንተ ክሩገር ይበቃል። ስፋቱ ወደ 20 ሺህ ካሬ ኪሎሜትር ይጠጋል፤ ከጆሃንስበርግ 400 ኪሎሜትር ገደማ ተነድቶ ይደረሳል። የፓርኩ የራሱ ካምፖች የታጠሩ ናቸው፤ ትልልቆቹ ሱቅና ነዳጅ አላቸው። እኔ ብሆን ሎወር ሳቢንና ኦሊፋንትስን እይዛለሁ። ሎወር ሳቢ ወንዙ ዳር ነው፤ አጠገቡ ያለው ሰንሴት ዳም ጉማሬና አዞ አያጣም። ኦሊፋንትስ ደግሞ ገደል አናት ላይ ስለተሠራ አባባ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ሻያቸውን እየጠጡ፣ ከታች ወንዝ የሚሻገረውን ዝሆን ያያሉ። ጉልበት አይጠይቅም። አንበሳ ካማራችሁ ሳታራ ካምፕ አካባቢ ሣር ሜዳ ነው፣ እዚያ ፈልጉ።

ከክሩገር ጋር አጥር የማይለየው ሳቢ ሳንድ የግል የአውሬ ጥብቅ ቦታ ነው። አስጎብኚው ከመንገድ ወጥቶ ነብር አጠገብ ያቆምሃል፤ ማንም አይክደውም። ግን በሰው፣ በሌሊት፣ በብዙ መቶ ዶላር ነው። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ሎጆች ከ6 ዓመት በታች ሕፃን ክፍት መኪና ላይ አያወጡም። ልጅቷን ማን ሊጠብቅ ነው?

አሁን ዋናው፦ አባባ የባቡር ሰው ከሆኑ የክሩገርን ዋና ካምፕ፣ ስኩኩዛን እንዳትዘል። ክሩገር በ1926 ብሔራዊ ፓርክ ከመሆኑ በፊት፣ በ1923 የመጀመሪያዎቹን ጎብኚዎች ወደዚህ ያመጣው በሴላቲ መስመር የሚሄድ ባቡር ነበር። አሮጌው ጣቢያ የእንፋሎት ሎኮሞቲቩን እንደያዘ አሁን ምግብ ቤት ሆኗል። ሳቢ ወንዝ ላይ ባለው የባቡር ድልድይም የቆሙ ፉርጎዎች ሆቴል ሆነዋል፤ አልጋው ውድ ነው፣ ከሩቅ ማየት ግን ነፃ ነው። አባባን ከዚያ ጣቢያ ማን እንደሚያስነሳቸው እንጃ።

የጁገል ልጅ (ሐረር)
ጅብ ካለ እኛ ጋ ምን ጎደለ? 😄 በነፃ ነው ማለት ይቻላል።

ባቡር ሰፈር
ዘሩ አንድ ነው። እዚህ ግን በእጅህ ሥጋ አጎርሳለሁ ብትል መቀጫህን ትከፍላለህ። ካምፕ ውስጥ ወይም የተፈቀደ ቦታ ላይ ካልሆነ ከመኪና መውረድ ራሱ ክልክል ነው።

ሰላማዊት (ጋቦሮኔ)
ወንድሜ ለክሩገር አደላህ። ዝሆን ከተባለ ቦትስዋና ናት፤ 130 ሺህ ገደማ አላት። ኦካቫንጎም በሐምሌ ሙሉ ነው፤ አንጎላ ላይ የዘነበው ውሃ ወራት ፈጅቶ የሚደርሰው በደረቁ ወቅት ነው። አባት ካሉ ግን የኛው ካሳኔ ከተማ ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ቾቤ ወንዝ ላይ በጀልባ ሲሄዱ ዝሆኑ ሲዋኝ አጠገባቸው ያልፋል። ከቪክቶሪያ ፏፏቴም 100 ኪሎሜትር አይሞላም።

ባቡር ሰፈር
ሰላማዊት፣ ጀልባው ላይ እጅ ሰጥቻለሁ። ገንዘብና ቪዛ ከተረፋቸው ሁለት ሌሊት ካሳኔ ይጨምሩ። ኦካቫንጎን ግን ለዚህ ጉዞ አልመክርም፤ ብዙው ካምፕ በትንሽ አውሮፕላን የሚገባበት ነው፣ ሻንጣ እንኳ ለስላሳና 20 ኪሎ ገደማ ብቻ ይላል። ኤቶሻም እንዲሁ፦ ኦካውኩዌዮ ካምፕ መብራት የበራበት ኩሬ አለው፣ ሌሊት አውራሪስ ይመጣል፣ እንደ አዋሻችን ሳላም ሞልቷል። ግን ራሱን የቻለ ጉዞ ነው።

የከዚራ ልጅ
ወላሂ ገላገላችሁኝ። መኪና ራሴ ልንዳ? ወረቀቱስ?

ባቡር ሰፈር
ንዳ፣ ግን በግራ መስመር ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ከተማ ውስጥ አትጀምር። ፓርኩ ውስጥ አስፋልቱ በሰዓት 50፣ ፒስታው 40 ነው። በሐምሌ የካምፕ በር በአገር ቤት አቆጣጠር ከማታው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል፤ ካረፈድክ ትቀጣለህ። የራስህ መኪና ከሆነ ልጅቷም በፈለገችው ሰዓት ትተኛለች።

ለቪዛው የልጅቷን የልደት ምስክር ወረቀት ያዝ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ክትባቱ ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት መሆን አለበት። አባባ ከ60 በላይ ስለሚሆኑ፣ ከዚህ በፊት ካልወሰዱት መጀመሪያ ሐኪም ያማክሩ። ጋቢና ሹራብ ደግሞ ለሁሉም፤ የክሩገር የሐምሌ ንጋት ለድሬ ሰው ቅጣት ነው። ካምፑን ዛሬውኑ ያዝ፣ የደቡብ አፍሪካም ተማሪ በዚያው ወር ስለሚያርፍ ቶሎ ይሞላል። ሎወር ሳቢ ካጣህ ስኩኩዛ እደሩ።