የፍሬም ሪሌይ ኤልኤምአይ መልእክት ዋየርሻርክ ላይ አልፈታ አለኝ

ጀማሪ_ኔት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት አሮጌ ራውተሮች በሲሪያል ኬብል አገናኝቼ ፍሬም ሪሌይ (ራቅ ያሉ ኔትወርኮችን ማገናኛ አሮጌ ፕሮቶኮል) እየተለማመድኩ ነው። አንዱን ስዊች አድርጌዋለሁ፣ ሌላው ደንበኛ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ለፋሁ፣ ፕሮቶኮሉ ዳውን እንደሆነ ነው። ከደንበኛው የሚወጣውን የኤልኤምአይ መልእክት (ራውተሩና ስዊቹ ስለ መስመሩ ሁኔታ የሚጠያየቁበትን) በሄክስ (በ16 መሠረት ቁጥር) ገልብጬ ዋየርሻርክ (ፓኬት ማንበቢያው ፕሮግራም) ውስጥ ሳስገባው ኢተርኔት አድርጎ ያነበውና ማልፎርምድ (የተበላሸ) ይለኛል። በየ10 ሰከንዱ የሚወጣው ይኸው፦

00 01 03 08 00 75 51 01 00 53 02 17 00

የሚለወጠው 17 ብቻ ነው፤ 18፣ 19 እያለ ይሄዳል። እባካችሁ ምን እንደሚል የሚያነብልኝ ካለ።

ሲሪያል_ዜሮ፦ መጀመሪያ ማንበቢያውን እናስተካክል። ዋየርሻርክ የሄክስ ጽሑፍ ስትሰጠው ካልነገርከው በስተቀር ኢተርኔት ነው ብሎ ይጀምራል። መድረሻ ማክ አድራሻ ብሎ ያሳየህን እስቲ ተመልከተው፤ 00 01 03 08 00 75 ነው አይደል? የፍሬምህ የመጀመሪያ ስድስት ባይቶች ናቸው። የኢተርኔት ራስጌ 14 ባይት ይፈልጋል፣ ያንተ መልእክት በጠቅላላው 13 ነው፤ ማልፎርምድ ያለህ ለዚህ ነው። ስታስገባ ኢንካፕሱሌሽኑን (የፍሬሙን ዓይነት) ፍሬም ሪሌይ በለው፣ የሊንክ ታይፕ ቁጥሩ 107 ነው።

ጀማሪ_ኔት፦ ተከፈተ! ስታተስ ኢንኳየሪ (የሁኔታ ጥያቄ) ይላል። እግዜር ይስጥልኝ። መስመሩ ግን አሁንም አልተነሳም።

የፓኬት_ሰው፦ መልሱ እዚያው መልእክትህ ውስጥ አለ። 00 01 አድራሻው ነው፣ ዲኤልሲአይ (የምናባዊ መስመሩ መለያ ቁጥር) 0። 03 መቆጣጠሪያው፣ 08 ፕሮቶኮሉ፣ ቀጥሎ ያለው 00 ባዶ የጥሪ ቁጥር ነው። 75 ጥያቄ ማለት ነው፤ መልስ ቢሆን 7ዲ ይሆን ነበር። 51 01 00 «ሙሉ ዝርዝር ስጠኝ» ይላል። ዋናው ነገር ግን 53 02 17 00 ላይ ነው፦ 17 ደንበኛው የላከው ተራ ቁጥር፣ የመጨረሻው 00 ደግሞ ከወዲያ የደረሰው ቁጥር ነው። ይህ 00 ካልተነቃነቀ ራውተርህ እየጠየቀ ነው፣ የሚመልስለት ግን የለም ማለት ነው።

ለምን? 51 እና 53 የአይቲዩ (የዓለም አቀፉ ቴሌኮም ኅብረት) አጻጻፍ ናቸው። አንሲ (የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ዓይነት) ቢሆን ከ75 ቀጥሎ 95 ገብቶ በ51 እና 53 ፋንታ 01 እና 03 ታይ ነበር። ስዊቹ ላይ የኤልኤምአይ ዓይነቱ ምን ተብሏል?

ሰላም_ራውት፦ እኔም የምጠረጥረው ይህንኑ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ አንሲም አይቲዩም ዲኤልሲአይ 0 ላይ ስለሆኑ በአድራሻው ብቻ አትለያቸውም፣ 95ን ፈልግ። የሲስኮው ዓይነት ግን ዲኤልሲአይ 1023 ላይ ነው፣ ፕሮቶኮሉም 09 ነው። ደግሞ ደንበኛው ራሱ ዓይነቱን እንዲያገኝ ከተተወ ሦስቱንም እያፈራረቀ ሲልክ ታያለህ፤ ያንተ አንድ ዓይነት ብቻ ስለሚልክ በእጅ ተወስኖበታል።

ጀማሪ_ኔት፦ ስዊቹ አንሲ ላይ ነበር! አይቲዩ ሳደርገው ወዲያው መለሰ፣ መስመሩም ተነሳ። የመልሱ መጨረሻ ግን 57 03 01 90 80 ነው፣ ፒንግ ደግሞ እምቢ አለኝ። ስዊቹ ላይ ዲኤልሲአይ 18ን ወደ ሁለተኛው ሲሪያል መርቼዋለሁ፤ እዚያ ገና ምንም አልተሰካም።

የፓኬት_ሰው፦ እንግዲያው ትክክል ነው ያለህ። 57 የፒቪሲ (የቋሚ ምናባዊ መስመሩ) ሁኔታ ነው፣ 01 90 ሲፈታ ዲኤልሲአይ 18 ይሆናል፤ ከመጀመሪያው ባይት ዝቅተኛ ስድስት ቢቶች፣ ከሁለተኛው መካከለኛ አራቱ ተወስደው። 80 «ፒቪሲው አለ፣ ግን አይሠራም» ይላል። ሁለተኛውን ሲሪያል ሰክተህ እዚያም የኤልኤምአይ ዓይነቱን አመሳስል፤ 80 ወደ 82 ሲቀየር ፒንግህ ይሄዳል።

ጀማሪ_ኔት፦ 82 ሆነ፣ ፒንጉም አለፈ። ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ።