በእርግዝና የታየ እጢ፣ ማዮማ ይሁን የኦቫሪ አልታወቀም

ሰላም ለሁላችሁ፣ የ22 ሳምንት እርጉዝ ነኝ፣ የመጀመሪያ ልጄ ነው። 12ኛው ሳምንት ላይ አልትራሳውንድ ስነሳ 6 ሴንቲሜትር ማዮማ (ካንሰር ያልሆነ የማህፀን እጢ) አለሽ ተባልኩ፣ አሁን 11 ደርሷል ውስጡም ውሃ የቋጠረ ቦታ አለው፣ በቀኝ በኩል በጣም ያመኛል ትኩሳት ግን የለኝም፣ ፅንሱም ደህና ነው። አንዱ ሐኪም ማዮማው ደም አጥሮት ነው፣ እርግዝና ላይ ያጋጥማል አለኝ፣ ሌላዋ ደግሞ ከኦቫሪ (ከእንቁላል ማመንጫው) የተነሳም ሊሆን ይችላል፣ ከማህፀኑ ጋር የሚያያዝበት ቦታ በደንብ አልታየኝም አለች። ሲኤ 125 የሚባለው፣ የኦቫሪ ካንሰር ሲጠረጠር የሚታየው የደም ምርመራ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ እሱ ግን እርግዝናም ማዮማም ከፍ ስለሚያደርገው ብዙ አይለይም ተባልኩ። ለህመሙ ፓራሲታሞል ብቻ ነው የምወስደው። ጋዶሊኒየም (ምስሉ ጎልቶ እንዲታይ በደም ስር የሚሰጠው መድኃኒት) ለእርጉዝ ስለማይመከር ኤምአርአይ ከተነሳሁ ያለ መድኃኒቱ ነው፤ ይሄ የገጠማችሁ ወይ ራዲዮሎጂ የምትሰሩ ካላችሁ፣ እንደዛ የተነሳ ኤምአርአይ ማዮማን ከኦቫሪ እጢ በደንብ ይለያል?