ሎኪንግ ቱነር ማስገጠም ያዋጣል ወይስ ችግሬ ሌላ ነው?

የሐይቅ ዳር ጊታር፦
ሰላም ጊታሪስቶች። ሐዋሳ ነኝ፣ ቅዳሜና እሁድ ሐይቁ አጠገብ አንድ ሆቴል ውስጥ ከባንድ ጋር እጫወታለሁ። ጊታሬ የስትራት (ስትራቶካስተር) ቅርጽ ያለው ኤሌክትሪክ ጊታር ነው፣ ትሬሞሎም አለው፣ ማለትም ሲጫኑት ክሮቹን ሁሉ የሚያላላ እጀታ። ቅኝት አይዝልኝም። ትዝታ ስንጫወት ክር መሳብ እወዳለሁ፣ ያለሱ ትዝታው ትዝታ አይሆንልኝም፣ ታዲያ ሁለት ሦስቴ ስቤ ስመለስ 3ኛው ክር ዝቅ ብሎ አገኘዋለሁ። ትሬሞሎውን ተጭኜ ስለቀው ደግሞ ያው ክር ከፍ ይላል። ኪቦርዱ ባለበት ይቆማል፣ እኔ ብቻ ስንሸራተት ዘፈኑ ሁሉ ይበላሻል። በጣም ነው የሚያናድደኝ።

አክስቴ በቅርቡ ከውጭ ትመጣለች፣ ሎኪንግ ቱነር፣ ማለትም ክሩን የሚቆልፈውን መቃኛ፣ ላስመጣ አስቤያለሁ። ገንዘቡ ለእኔ ቀላል አይደለም። የሞከራችሁት ለውጥ አለው? ክሬን ደግሞ በቅርቡ ከ9 ቁጥር ወደ ወፈር ያለው 10 ቀይሬያለሁ፣ 9ኙ ቶሎ ቶሎ እየተበጠሰ ስላስቸገረኝ።

ጊታር ጠጋኝ፦
ልጄ፣ መልሱን እኮ ራስህ ጽፈኸዋል። ስትስብ ዝቅ፣ ትሬሞሎ ስትለቅ ከፍ። ይሄ የነት ችግር ነው። ነት ማለት አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያልፉባት፣ ቦይ ቦይ ያላት ትንሿ ነጭ ነገር ናት። ለ9 የተሞረደ ቦይ 10 ሲገባበት ይጠብበታል፣ ክሩን ይነክሰዋል። ክሩን ስትስበው ከመቃኛው በኩል ጥቂት ሾልኮ ወደ መጫወቻው ይመጣል፣ ስትለቀው ግን ተመልሶ መሄድ ያቅተዋል፣ ስለዚህ ላልቶ ይቀራል። ትሬሞሎው ላይ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ቀስ ብለህ ስትቃኝ «ጢንግ» የሚል ድምፅ ከሰማህ በቃ እሱ ነው።

ሎኪንግ ቱነር ክሩን የመቃኛው ዘንግ ላይ ቆንጥጦ ይይዛል። ሥራው ይሄ ነው። ነቱ ላይ ያለውን ንክሻ አይነካውም።

ክሩን አላላውና ከቦዩ አውጣው። እርሳስ ቅረጽና ቦዩን ውስጡን ደህና አድርገህ ቀባው፣ ግራፋይት ስለሆነ ያንሸራትታል። ካልበቃው በቀጭን ሞረድ ወደ ጎን ትንሽ ይስፋ። ወደ ታች እንዳትነካው! ከጠለቀ ክሩ ባዶውን ስትመታው 1ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የመጀመሪያ ብረት) ላይ ይንጫጫል፣ ያኔ ነቱን መቀየር ነው። ክራር ላይ ቅኝቱን የሚይዘው ቀንበሩ ላይ የተጠመጠመው ጨርቅ ፍትጊያ ነው፣ ነት ላይ ግን ፍትጊያ አንፈልግም።

የአዳማው፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ እኔም ሰላም ያገኘሁት ነቴን ካሠራሁ በኋላ ነው። ግን ሎኪንግ ቱነሩን ጨርሰን አንጣለው። እኔ አስገጥሜያለሁ፣ አልጸጸትም። ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። አንድ ሰርግ ላይ 1ኛው ክር ተበጠሰብኝ፣ ዘፋኙ ሰዉን እያጫወተ ሳለ አዲሱን አስገባሁ፣ ሳብኩ፣ ቆለፍኩ፣ ትርፉን ቆረጥኩ፣ ቃኘሁ፣ ቀጣዩ ዘፈን ሲጀመር ዝግጁ ነበርኩ። በድሮው መቃኛ ቢሆን ገና እየጠመጠምኩ ነበር። በየሳምንቱ መድረክ ላይ ለሚቆም ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ሌላው ጥምጥሙ ነው። ዘንጉ ላይ 5 እና 6 ዙር ካለ ትሬሞሎ በተነካ ቁጥር ይላላል፣ ይጠብቃል። ሎኪንጉ አንድ ዙር እንኳ አይሞላም። ግን በተራውም መቃኛ 2 ወይ 3 ዙር፣ ወደ ታች እየወረደ ሳይደራረብ ከተጠመጠመ ደህና ይይዛል። አዲስ ክር ስታስገባም በእጅህ ሳብ ሳብ አድርገው፣ እንደገና ቃኘው፣ መውረዱን እስኪያቆም ደጋግም። ስትቃኝ ሁሌም ከታች ወደ ላይ ና። ካለፍክ ውረድና እንደገና ውጣ። የመድረክ መብራት ክሩን ሲያሞቀውም ዝቅ ይላል፣ ስለዚህ ጊታሩን ቀደም ብለህ መድረኩ ላይ አቁመው።

ፍሎይድ ሮዝ የሚባለው ክሩን የሚቆልፍ ትሬሞሎ ያለው ሰው ግን አይግዛ፣ እዚያ ነቱ ራሱ ስለሚቆለፍ ትርፍ ወጪ ነው።

ባለ ሌስፖሉ፦
ልትገዛ ከሆነ አስቀድመህ ለካ። ያንተ 6ቱም በአንድ ወገን የሚደረደሩ ናቸው፣ የእኔ 3 በ3 ነው፣ አይለዋወጡም። የብዙዎቹ አዳዲስ ጊታሮች የመቃኛ ቀዳዳ 10 ሚሊ ነው፣ የድሮዎቹ ይጠባሉ። ከኋላ ያለው ብሎን ወይም ፒን የት እንደሚያርፍም እይ። እኔ ሳልለካ አስመጥቼ አልገባ ሲለኝ እንጨት ቤት ወስጄ አስበሳሁት፣ የጊታሩ ራስ ተሰነጠቀ። እስካሁን ያመኛል።

የሐይቅ ዳር ጊታር፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እንዳሉት እርሳስ ቀባሁት። 3ኛው ክር ላይ «ጢንግ» የሚለው ድምፅ ነበር፣ ጠፋ። ትናንት ልምምድ ላይ ትዝታውን ሦስት ጊዜ ደገምነው፣ እንደተቃኘ ቆየ! 2ኛው ግን አሁንም ትንሽ ይነክሳል። ጥምጥሙንም ቆጠርኩት፣ 6 ዙር ነበር፣ ቀነስኩት።

አክስቴን ክርና አንድ ነት ብቻ አምጪልኝ ልላት ነው። ቱነሩ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። ጋሼ፣ የነቱን ስፋት ስንት ልበላት?

ጊታር ጠጋኝ፦
ጎበዝ። የዚህ ዓይነት ጊታር ነት ብዙ ጊዜ 42 ወይም 43 ሚሊ ነው፣ አንተ ግን የራስህን ከዳር እስከ ዳር ለክተህ ንገራት። የታችኛው ወገን ጠፍጣፋ ይሁን ጎባጣ እሱንም እይ፣ ሁለቱም አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ለሥራ ሐዋሳ እመጣለሁ፣ ሞረዶቼን እይዛለሁ። እስከዚያ 2ኛውን ክር ብዙ አትሳበው።